ደብረ ብርሃን ላይ ዙር መንዳት፦ ነፋስ፣ ውርጭ፣ ማርሽና ካቴና

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚዘልቀው ዋና መንገድ ደብረ ብርሃንን አቋርጦ ያልፋል። እዚያ ላይ ብስክሌት መለማመድ ከከባድ መኪና ተሳቢ ጋር መጋፋት ነው፤ ጣርማ በር ሲቃረብ ደግሞ ጭጋጉ ይታከልበታል። ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው ጠመዝማዛ ለዓይን ያምራል፣ ለልምምድ ግን አይሆንም፤ ሲወርዱ እግር ሥራ ይፈታል፣ ሲወጡ ከመኪና ጭስ ጋር ነው። ስለዚህ በዚህ አካባቢ በቁም ነገር የሚነዳ ሰው ዞሮ ዞሮ የሚመጣው ወደ ዙር ነው፦ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ሜትር የምትሆን አንዲት መንገድ መርጦ እሷኑ ደጋግሞ መዞር።

በውጭ ትልልቅ ከተሞች ይህ የመናፈሻ ልማድ ነው። ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ያለው ዙር 9.8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ይነዳል፣ መኪናም ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አይገባበትም። የእኛ አገር ብስክሌተኛም ለዙር እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1956 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ ሜልቦርን ላይ ብስክሌተኞች አሰልፋ ነበር፤ የጎዳናው ውድድር 17 ኪሎ ሜትር የሆነ ዙር 11 ጊዜ መዞር ነበር። እዚህ መኪና የተከለከለበት ዙር ስለሌለ መንገዱን ራሳችን እንመርጣለን፤ አብዛኛው ጥፋት የሚጀምረውም ከምርጫው ላይ ነው።

መጀመሪያ የሚታየው መታጠፊያው ነው። በአገራችን መኪና ቀኝ ይዞ ስለሚሄድ ዙሩን በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ንዱት፤ ያኔ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ትታጠፋላችሁ እንጂ ከፊት የሚመጣውን መኪና አቋርጣችሁ አታልፉም። በተቃራኒው የሚዞር ሰው በእያንዳንዱ ማዕዘን ባጃጅ ፊት ይገባል፤ አራት ማዕዘን ያለውን ዙር 10 ጊዜ ቢዞር 40 ጊዜ ማለት ነው። ጉዳቱ ሁልጊዜ ቀኝ የታጠፈ ሰው ግራ መታጠፍ ይጠፋበታል፤ ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን፣ መንገዱ ጭር ባለበት ማለዳ፣ ሁለት ሦስት ዙር ገልብጡት።

ቀጥሎ ወለሉ። አስፋልት ከሆነ ጥሩ፤ ኮብልስቶን ከገባበት ከጠቅላላው ርዝመት አንድ አስረኛ ባይበልጥ ይመረጣል፤ መታጠፊያ ላይ ግን ጨርሶ አይሁን። ውርጭ የመታው ኮብልስቶን እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። አዲስ ዙር ከመንዳታችሁ በፊት አንዴ በእግር ሂዱበት። በብስክሌት የማይታይ ነገር በእግር ይታያል፦ ክዳኑ የጠፋ የፍሳሽ ጉድጓድ፣ ከግንባታ መኪና የፈሰሰ አሸዋ፣ ከአጥር የወደቀ የቀጋ እሾህ። አሸዋው የት እንደሚጠራቀም ልብ በሉ፤ ሁልጊዜ የመታጠፊያው ውጫዊ ጠርዝ ላይ ነው፣ ጎማ ስቶ የሚወጣውም ወደዚያው ነው።

መነሻና መጨረሻ መስመራችሁን ማዕዘን ላይ አታድርጉት። ቀጥ ባለው መንገድ መሃል አንድ የመብራት ምሰሶ ያዙ። ማዕዘን ላይ ከሆነ ፍሬን የያዛችሁበትና መኪና ያሳለፋችሁበት ሰከንድ አንዴ ወደ አለፈው ዙር፣ አንዴ ወደ ቀጣዩ ይገባና ቁጥሩ ትርጉም ያጣል።

ርቀቱን ስትለኩ የብስክሌት ቆጣሪ ካላችሁ የጎማችሁን ዙሪያ በትክክል ስጡት። 700 በ25 የሆነ ጎማ (ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው መጠን ነው) ዙሪያው 2,105 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ 700 በ28 ደግሞ 2,136። ጎማ ቀይራችሁ ቁጥሩን ሳትቀይሩ ብትነዱ በ4 ኪሎ ሜትር ዙር ላይ 60 ሜትር ገደማ ትስታላችሁ፤ በ10 ዙር ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ሠንጠረዡን ከማመን መለካት ይሻላል፦ ጎማውን እንደምትነዱበት ንፉ፣ ቫልቮላውን ወደ ታች አድርጋችሁ መሬቱ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፣ ላዩ ላይ ተቀምጣችሁ ሌላ ሰው ቀጥ አድርጎ ይግፋችሁ፣ ቫልቮላው ሦስት ጊዜ ወርዶ መሬቱን ሲነካ ሁለተኛ ምልክት አድርጉ፤ በመካከል ያለውን በሜትር ለክታችሁ ለሦስት አካፍሉ። ሳይቀመጡ የለኩት ቁጥር ይበዛል፣ ክብደት ጎማውን ስለሚያረግበው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ነፋሱ።

የደብረ ብርሃን ዙሪያ ሜዳ ነው፣ ገላጣ ነው። ዳገት የለም ብሎ የመጣ እንግዳ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ዳገቱ ምን እንደሆነ ይገባዋል። ዙር ላይ ደግሞ ከነፋስ ማምለጫ የለም፤ በአንዱ ጎን ፊታችሁን ይመታል፣ በሌላው ከኋላ ይገፋል፣ በሁለቱ መሃል ከጎን ያንገዋልላል። ብዙ ሰው «የወሰደብኝን ይመልስልኛል» ብሎ ያስባል። አይመልስም። ሂሳቡ ቀላል ነው። 4 ኪሎ ሜትር የሆነ ዙር ነፋስ በሌለበት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ብትነዱት 8 ደቂቃ ይፈጃል። ነፋስ መጣና ግማሹን፣ 2 ኪሎ ሜትሩን፣ በ20 ነዳችሁ እንበል፤ 6 ደቂቃ። የቀረውን 2 ኪሎ ሜትር በ40 በረራችሁ፤ 3 ደቂቃ። ድምሩ 9 ደቂቃ ነው፣ አማካዩ 26.7። በ10 የቀነሰውና በ10 የጨመረው እኩል ይመስላል፣ ግን ቀርፋፋው ጎን ላይ የቆያችሁት ሁለት እጥፍ ነው።

የነፋሱ ጉልበትም በቀጥታ አይደለም የሚጨምረው። አየር የሚገፋችሁ ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ልክ ያድጋል። በ30 ስትነዱ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ቢመጣ፣ ደረታችሁን የሚመታው አየር 45 ይሆናል። 30 በ30 ሲባዛ 900፤ 45 በ45 ሲባዛ 2,025። ፍጥነታችሁን ሳትለቁ ለመቀጠል ከበፊቱ ሁለት እጥፍ ከሩብ የሚገፋ አየር ሰንጥቃችሁ ማለፍ አለባችሁ። ቆጣሪው ላይ 30 እያየ በነፋሱ ጎን የሙጥኝ ያለ ሰው በሦስተኛው ዙር እግሩ ድንጋይ የሚሆነው ለዚህ ነው። ነፋሱ ከኋላ ሲመጣለት ደግሞ ያርፋል፣ በማያስፈልገው ቦታ።

ስለዚህ ዙር የሚነዳው በፍጥነት ሳይሆን በትንፋሽ ነው። ቆጣሪው ላይ የፍጥነቱን መስኮት ሸፍኑት፣ በፕላስተርም ቢሆን። የትንፋሽ መለኪያው ይህ ነው፦ ድምፅ አውጥታችሁ በአንድ ትንፋሽ ቁጠሩ። ከአንድ እስከ አስር ያለ ችግር ከደረሳችሁ ቀላል አነዳድ ነው፤ ረጅሙ ልምምድ እዚህ ላይ ይነዳል። ስድስት ሰባት ላይ ካለቀባችሁ መካከለኛ፣ ሦስት ላይ ካለቀባችሁ ከባድ ነው። በነፋሱ ጎን ከመካከለኛው ጥቂት ብቻ ጨምሩ፣ ነፋሱ ከኋላ ሲሆን ጥቂት ቀንሱ። ለምን ጥቂት እንኳ ይጨመራል ቢባል፣ ቀርፋፋው ጎን ላይ የምታተርፉት አንድ ኪሎ ሜትር በሰዓት ፈጣኑ ጎን ላይ ከምታተርፉት የበለጠ ሰከንድ ይቆጥብላችኋል።

ነፋሱ ከየት እንደሆነ ከመውጣታችሁ በፊት ማወቅ ትችላላችሁ፤ ከቤት ጣሪያ የሚወጣ ጭስና የባሕር ዛፍ ጫፍ ይበቃሉ። ጭሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ ለመለካት የሚሆን ቀን ነው። ዛፉ በሙሉ ካጎነበሰ የዛሬን ሰዓት ከትናንት ጋር አታወዳድሩ።

ከፍታውን በተመለከተ፣ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሰባ ከመቶ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ይህ ሁለት ስለት አለው። ሳንባ የሚያገኘው ኦክስጅን ያንሳል፤ ፊትን የሚመታው አየርም በሩብ ያህል ይሳሳል። ቤልጅጋዊው ኤዲ መርክስ በ1972 እ.ኤ.አ. የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰኑን፣ 49.431 ኪሎ ሜትር፣ የሰበረው ሜክሲኮ ሲቲ ሄዶ ነው፤ 2,240 ሜትር ላይ። ደብረ ብርሃን ከዚያም 500 ሜትር በላይ ትበልጣለች። ለእኛ የሚጠቅመው ትርጉም ይህ ነው፦ እዚህ የለመደ ሰው ሸዋ ሮቢት ወርዶ በተመሳሳይ ጉልበት ቢነዳ ትንፋሹ ይቀለዋል፣ አየሩ ግን ወፍራም ሆኖ ይይዘዋል፤ ሙቀቱም አለ። የሁለቱን ቦታ የዙር ሰዓት ማወዳደር ዋጋ የለውም። ከቆላ ወደዚህ የሚመጣ ሰው ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ቀናት በቀላሉ ብቻ ይንዳ፤ እንቅልፍ ከነሳው ወይም ራሱን ካመመው ያን ቀን ይረፍ። ለመላመድ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በመጀመሪያው ቀን ከአገሬው ጋር እልህ የሚገባ ሁሉ በስምንተኛው ዙር ዳር ይዞ ይቆማል።

ማርሽ ላይ የምናየው ስህተት ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ከባድ ማርሽ፣ ዘገምተኛ እግር። እንደ ጉብዝና ይቆጠራል፤ ጉልበት የሚያሳምመው ግን እሱ ነው። ፔዳል በደቂቃ ከ85 እስከ 95 ጊዜ ይዙር። ስንት እንደሆነ ለማወቅ አንድ ጉልበታችሁ ወደ ላይ የሚመጣበትን ለ15 ሰከንድ ቆጥራችሁ በአራት አባዙ። በ700 በ25 ጎማ፣ የፊቱ ጥርስ 42 ሆኖ በደቂቃ 90 ብትዞሩ፣ ከኋላ 19 ላይ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ትሄዳላችሁ፤ 17 ላይ 28፤ 15 ላይ 32 ይጠጋል። ሌላ ብስክሌት ካላችሁ የፊቱን ጥርስ ለኋላው አካፍሉ፣ በጎማው ዙሪያ አባዙ፤ በአንድ የፔዳል ዙር የምትሄዱት ሜትር ይወጣል። በነፋሱ ጎን እግራችሁ ከ80 በታች ከወረደ አንድ ማርሽ አቅልሉ፤ ከመታጠፊያው በፊት ይሁን፣ ታጥፋችሁ ነፋሱ ከመታችሁ በኋላ ሳይሆን። ካቴና ተወጥሮ ሳለ የሚቀየር ማርሽ ጥርስ ይበላል፣ ሲብስም ካቴናውን ይጥለዋል።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ውርጭ የራሱ ሥርዓት አለው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሜዳው ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የተሻለው ሰዓት ፀሐይ ወጥታ መንገዱን ካደረቀች በኋላና ነፋሱ ከመነሳቱ በፊት ነው፤ ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል። ፀሐይ ያላገኘው ቦታ፣ የግንብ አጥር ጥላና የድልድይ ላይ ወለል፣ ሌላው ከደረቀ በኋላም ያንሸራትታል። እዚያ ላይ ፍሬን አትያዙ፣ አትታጠፉ፤ ፔዳል አቁማችሁ ቀጥ ብላችሁ እለፉ።

ጎማ በቅዝቃዜ ይረግባል። ሞቃት ክፍል ውስጥ፣ 20 ዲግሪ ላይ፣ 80 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) የተነፋ ጎማ 0 ዲግሪ ውጭ ሲቆም ወደ 74 ይወርዳል፤ አልተነፈሰም፣ አየሩ ተኮማትሮ ነው። ስለዚህ ንፋሱን ውጭ፣ ብስክሌቱ ሩብ ሰዓት ከቆመ በኋላ ለኩት። 65 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በ25 ጎማ ፊት 75፣ ኋላ 80 ያህል ይበቃል። 26 ኢንች የሆነ ወፍራም ጎማ ከ35 እስከ 45። ጎሚስታ ቤት በኮምፕሬሰር የምትነፉ ከሆነ በአጭር በአጭሩ፣ ሁለት ሁለት ሰከንድ እየሰጣችሁ ይሁን፤ ለመኪና ጎማ የተዘጋጀ አየር የብስክሌቱን በአንድ ትንፋሽ ያፈነዳዋል። ቀጭን ቫልቮላ ያላችሁ የነሐሷን መጋጠሚያ ሁልጊዜ ያዙ፤ ጎሚስታው ዘንድ ላትገኝ ትችላለች።

ልብስ ላይ ብዙ አንልም። ደረትና ጣት ናቸው የሚቀዘቅዙት። ከሹራብ በታች፣ ደረት ላይ፣ ጋዜጣ ወይም ፌስታል ዘርጉ፤ ካልሲ ላይ ሌላ ፌስታል፣ ከዚያ ጫማ። ያምራል አላልንም፣ ይሠራል። ጓንት ሁለት ጣት ፍሬኑን በደንብ የሚይዝ ካልሆነ አውልቁት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች የማሟሟቂያ ናቸው፤ በብርድ ቀዝቃዛ ጉልበት ላይ ኃይል መጣል ሳምንታት ያስተኛል።

ስለ መብል፣ ከአንድ ሰዓት በታች ለሚነዳ ሰው ውሃ ይበቃዋል። ከአንድ ሰዓት ተኩል ከበለጠ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ይፈልጋል። ርካሹ መንገድ ኮዳ ውስጥ ነው፦ 750 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ አንድ ቁንጥር ጨው፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ። በብርድ ውሃ አይጠማችሁም፣ ግን ደረቅ አየር በትንፋሽ ብዙ ይወስዳል፤ በየዙሩ ሁለት ጉንጭ፣ ነፋሱ ከኋላ በሆነበት ጎን። በሶ ከመንዳት ሁለት ሰዓት በፊት ግሩም ነው፤ እየነዱ መብላቱ ግን ይከብዳል፣ ሆድ ውስጥ ይቀመጣል። ጭብጦ ቅቤ የበዛበት ከሆነም እንደዚያው። በጾም ወቅት እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ከባዱን ልምምድ ጠዋት አያድርገው፤ 40 ደቂቃ ቀላል ዙር ይበቃዋል። ከባዱን ለፍስክ ቀን ያቆየው።

ዙሩን መቁጠር ቀላል ይመስላል። ከስድስተኛው በኋላ «ሰባት ነው ስምንት?» የማይል ሰው የለም። 10 የተቆላ ባቄላ ቀኝ ኪስ አስገቡ፤ መስመሩን ባለፋችሁ ቁጥር አንዷን ወደ ግራ ኪስ አሻግሩ። አለመብላት ነው ችግሩ።

ለሳምንት ሦስት ቀን የሚሆን ልምምድ፣ 4 ኪሎ ሜትር በሆነ ዙር ላይ፦ አንድ ቀን ከ6 እስከ 8 ዙር በቀላሉ። አንድ ቀን 2 ዙር ማሟሟቂያ፣ ከዚያ አንድ ዙር በከባዱ፣ አንድ ዙር በቀላሉ እያፈራረቁ አራት ጊዜ፣ በመጨረሻ አንድ ዙር ማቀዝቀዣ፤ በጠቅላላው 11 ዙር፣ 44 ኪሎ ሜትር። አንድ ቀን ረጅም፣ 15 ዙር ሆኖ 60 ኪሎ ሜትር፣ በቀላሉ። በመጀመሪያው ወር ከባዱ ቀን ከአንድ አይበልጥ። ከባዱ ዙር በትክክል መነዳቱ የሚታወቀው በአራተኛው ነው፦ ከአንደኛው በ10 ሰከንድ ውስጥ ከሆነ ልክ ነው። በ30 ሰከንድ ከዘገየ አንደኛውን በስሜት ነድታችሁታል፤ በሚቀጥለው ሳምንት የመጀመሪያውን አዘግዩት እንጂ የመጨረሻውን ለማፍጠን አትታገሉ። አራተኛው ከአንደኛው ከፈጠነ ደግሞ ገና አቅም ይዛችኋል።

በቡድን ሲሆን ከፊት ሰው ጎማ ኋላ መጠለል ከሩብ እስከ ሲሶ ጉልበት ይቆጥባል፤ ነፋሱ በበረታ መጠን ጥቅሙ ይበልጣል። ጀማሪ አንድ ሜትር ይራቅ፣ የለመደ ከግማሽ ሜትር በታች ይጠጋል። ፊት ያለው ከ30 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ መርቶ ይውረድ፤ ጎበዙ ረጅም ይምራ እንጂ ፈጥኖ አይምራ፤ ፊት በደረሰ ቁጥር የሚያፈነጥር ሰው ቡድን ይበትናል። ነፋሱ ከጎን ሲሆን መጠለያው ቀጥታ ከኋላ ሳይሆን በሰያፍ ነው፤ ሁሉም በሰያፍ ከተሰለፈ መንገድ ስለሚያልቅ ከሦስት ሰው በላይ አታድርጉት፣ የተረፈው ሌላ ሰልፍ ይሥራ። ጉድጓድ ሲታይ ፊት ያለው «ጉድጓድ!» ብሎ በእጁ ይጠቁም፤ መኪና ሲመጣ የመጨረሻው ሰው «መኪና ከኋላ!» ይበል። ዝም ብሎ የሚሸሽ መሪ ኋላ ያለውን ሰው ጉድጓድ ውስጥ ይከተዋል።

መንገዱ የሁሉም ነው። ጭድ የጫነ አህያ ስፋቱ ከምታስቡት በላይ ነው፣ በድንገትም ይሻገራል፤ አንድ ሜትር ተኩል ራቁ። ጋሪ የሚስብ ፈረስ ከኋላው የማያየው ነገር ያስበረግገዋል፣ ደወል ደግሞ ያባብስበታል፤ ራቅ ብላችሁ ሳላችሁ በሰው ድምፅ «አባባ፣ በግራዎ እያለፍኩ ነው» በሉ። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ሲወጣ ነጠላ የለበሰ ሕዝብ መንገዱን ይሞላል፤ ያን ጊዜ ልምምድ አይደረግም፣ ይወረድና ይገፋል። የገበያ ቀንም ቢሆን ጠዋቱን ተዉት። ውሻ ካሳደዳችሁ አትሩጡ፤ ውረዱና ብስክሌቱን በመሃል አድርጉ፣ ጨዋታው ያበቃል።

እሾህ ሲወጋችሁ። ከመነዳሪውን አውጥታችሁ ከመጣላችሁ በፊት ቫልቮላው ከጎማው ጽሑፍ ጋር የነበረበትን አስታውሱ፤ ቀዳዳው ሲገኝ እሾሁ ጎማው ላይ የት እንዳለ ወዲያው ታውቃላችሁ። እሾሁ ሳይወጣ የተለጠፈ ከመነዳሪ ከመቶ ሜትር በኋላ እንደገና ይተነፍሳል። የጎማውን ውስጥ በጣት ሳይሆን በቁራጭ ጨርቅ ዳሱት፤ ጨርቁ የሚይዝበት ቦታ ላይ ነው። ከዚያ ከልጣፊው ሰፋ አድርጋችሁ በብርጭቆ ወረቀት ፋቁ፣ የሚያብረቀርቀው እስኪጠፋ። ማስቲሽ በስሱ ቀቡ። እዚህ ላይ ነው ሁሉም የሚቸኩለው፦ ማስቲሹ ርጥብ እያለ የተለጠፈ አይዝም። ላዩ ደብዝዞ በጣት ጀርባ ሲነካ እስከማይጣበቅ መቆየት አለበት፤ በሞቃት ቀን 5 ደቂቃ፣ በውርጭ ጠዋት 10። አፍ አስጠግታችሁ እፍ አትበሉበት፣ የትንፋሽ ርጥበት ያበላሸዋል። ልጣፊውን አስቀምጡና ከመሃል ወደ ዳር በካቻቢቴ እጀታ ጫኑት። እሾህ ሳይኖር ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ካገኛችሁ ግን ንፋሱ አንሶ ቸርኬው ከመነዳሪውን ከኮብልስቶን ጠርዝ ጋር ቆንጥጦታል፤ ከለጠፋችሁ በኋላ 10 ፒኤስአይ ጨምሩ። መለዋወጫ ከመነዳሪ በአሮጌ ካልሲ ጠቅልላችሁ ያዙ፤ ራቁቱን ከመፍቻ ጋር የታሰረ ሳይነዳ ይበሳል።

ካቴና ማለቁን ለማወቅ ልዩ መለኪያ አያስፈልግም፣ የተማሪ ማስመሪያ ይበቃል። ካቴናውን አጽዱ፣ ፔዳሉን ተጭናችሁ ወጥሩት። የማስመሪያውን ዜሮ በአንዱ ፒን መሃል ላይ አድርጉና ከሱ ቀጥሎ ያለውን አንድ ብላችሁ እስከ 20ኛው ፒን ቁጠሩ። አዲስ ካቴና ላይ 20ኛው ፒን መሃሉ 25.4 ሴንቲ ሜትር ላይ ያርፋል። 25.5 ከደረሰ አዲስ ፈልጉ፤ 25.6 ከነካ ዛሬውኑ ቀይሩ። ከዚያ በላይ የቆየ ካቴና የኋላውን ጥርስ ይስለዋል፣ በኋላ አዲስ ካቴና ብታስገቡም በተሳለው ጥርስ ላይ እየዘለለ ያስቸግራችኋል። ያኔ ሁለቱንም መግዛት ነው።

በክረምት፣ ሐምሌና ነሐሴ፣ ዋልካው አስፋልት ላይ ይወጣል። ከጎማና ከፍሬን መሃል ገብቶ ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ነው፤ ሳይደርቅ አውጡት። አሸዋ የያዘ የፍሬን ጎማ ቸርኬውን እየሞረደ ይበላዋል፤ ፍሬን ስትይዙ የመፈግፈግ ድምፅ ከሰማችሁ ቆማችሁ በሚስማር ጫፍ ጠጠሯን ልቀሙ። ብስክሌቱን ላቫጆ አትውሰዱት፤ ግፊት ያለው ውሃ ኩሽኔታ ውስጥ ገብቶ ግራሶውን ያጥበዋል፣ ከወር በኋላ ጎማው ሲዞር ያንኮሻኩሻል። ባልዲና ጨርቅ ይበቃል፤ ካቴናውን በነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅ ጥረጉ፣ እስኪደርቅ ጠብቁ፣ በእያንዳንዱ ፒን ላይ አንዳንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ጣሉ። ሩብ ሰዓት ቆይታችሁ በደረቅ ጨርቅ ከላይ ያለውን ሙልጭ አድርጋችሁ ጥረጉት፤ ውጭ የቀረ ዘይት የነገን አቧራ ይሰበስባል።